ወጣት ሰው ሃርት አታክ ሲይዘው ሲቢሲውን (የደም ሴል ቆጠራውን) ደግማችሁ አንብቡት

የሃርት አታክ መነሻ ሲነሳ የሚጠሩት የታወቁ ናቸው፦ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ኮሌስትሮል፣ ዕድሜ። አብዛኛው ሕመምተኛ የሚመጣውም በእነዚሁ በኩል ነው። ጥቂቶች ግን ከዚህ መስመር ውጭ ናቸው። የልባቸው ደም ሥር በአንጂዮግራም (በደም ሥር ራጅ) ሲታይ ንጹሕ ነው፣ ወይም የተጋገረበት ስብ ይህን ያህል የሚያሰጋ አይደለም፤ መንገዱን የዘጋው ያለ ቦታው የረጋ ደም ነው። ችግሩ ቧንቧው ላይ ሳይሆን የሚፈሰው ላይ ነው። ከእነዚህ መካከል ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ሴቶችም አይጠፉም።

ሐዋሳ ላይ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ደረቱን ይዞ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ቶሎ የሚጠየቀው ጫት ነው። መጠየቁ ተገቢ ነው። ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የልብን ደም ሥር ያኮማትራል። የሚያሳዝነው ካርዱ ላይ “ይቅማል” ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ፍለጋው እዚያው ሲቆም ነው። የሚቅም ሰው የደም በሽታም ሊኖረው ይችላል፤ ጫቱን ቢተው እንኳ በሽታው ካልታከመ ሁለተኛው ሃርት አታክ ሊመጣ ይችላል።

የመጀመሪያው ሰዓት ሥራ በዚህ ምክንያት አይቀየርም። ደረት መሃል ላይ የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብና ከማቅለሽለሽ ጋር የመጣ ሕመም ካለ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወላል። አስፕሪን 300 ሚሊ ግራም ገደማ ታኝኮ ይዋጣል። ቤት ውስጥ ያለው ባለ 81 ከሆነ አራት ፍሬ ማለት ነው። ሆስፒታል በተደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) መነሳት አለበት፤ ትሮፖኒን፣ ልብ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚታየው ፕሮቲን፣ አንዴ ደህና ቢሆንም ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደገማል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ሰውየው ድዱ እየደማ፣ ቆዳው ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ወጥቶበት፣ ወይም ጥቁር ሰገራ እያየ ከሆነ አስፕሪኑን ቤት ውስጥ አትስጡት። ሐኪሙ መጀመሪያ ፕላትሌቱን (ደም የሚያረጉትን ሴሎች) ይይ።

ሲቢሲ ውድ ምርመራ አይደለም። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቲዩብ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ደም ይበቃዋል። ውጤቱ ሲመጣ ግን ዓይን ሁሉ ሄሞግሎቢን ላይ ያርፍና “ደም ማነስ የለበትም” ተብሎ ወረቀቱ ይታጠፋል። ልብ ለታመመ ሰው መነበብ ያለባቸው ቁጥሮች ሄማቶክሪት (ቀይ ሴል ከደሙ የያዘው ድርሻ በመቶኛ)፣ የቀይ ሴል ብዛት፣ ኤምሲቪ (የቀይ ሴል አማካይ መጠን)፣ ፕላትሌትና ኢኦሲኖፊል (አንዱ የነጭ ሴል ዓይነት) ናቸው። ካለፉት ዓመታት የቀረ ወረቀት ካለም አብሮ ይምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት ለታይፎይድ ተብሎ የተሠራ ሲቢሲ ላይ ፕላትሌቱ 700,000 ከነበረ፣ ዛሬ 750,000 መሆኑ የልቡ ሕመም ያመጣው ጊዜያዊ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚታለፈው የበዛ ደም ነው። እኛ ዘንድ የሚፈራው ደም ማነስ ነው፤ ሄሞግሎቢኑ 18 የሆነ ሰው “ደምህማ ጥሩ ነው” ተብሎ ይሸኛል። ፖሊሳይቴሚያ ቬራ መቅኔ ከልክ በላይ ቀይ ሴል የሚያመርትበት፣ ብዙ ጊዜም ነጩንና ፕላትሌቱን አብሮ የሚያበዛበት የካንሰር ዓይነት ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ ሰው ዓመታት ሳያውቀው ይዞት ይኖራል። ለወንድ ሄሞግሎቢን ከ16.5 ወይም ሄማቶክሪት ከ49 በመቶ፣ ለሴት ከ16 ወይም ከ48 በመቶ ሲያልፍ መጠርጠር ይጀመራል። ከሕመምተኞቹ 95 በመቶ ያህሉ ላይ ጃክ 2 የተባለው ጂን ተቀይሮ ይገኛል፤ ይህ ለውጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ሄማቶክሪት ሲወጣ ደም ይወፍራል፣ ፕላትሌቶች ወደ ደም ሥሩ ግድግዳ ይገፋሉ፣ የተቀየሩት ነጭና ፕላትሌት ሴሎችም ራሳቸው ለመርጋት የተቆጡ ናቸው። ስለዚህ ልብም፣ አንጎልም፣ የጉበት ደም ሥርም ሊዘጋ ይችላል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚቀርበው ምክንያት ከፍታ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ሄሞግሎቢን ቢጨምር ወደ አንድ ግራም ቢሆን ነው። ከሁላ ወይም ከሌላ ደጋ የመጣ ሰው ቢሆንም ነገሩ ያን ያህል አይለወጥም። አንትሮፖሎጂስቷ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አማካይ ሄሞግሎቢን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ነበር። ደገኛው ሕዝባችን በአንዲስ ተራሮች እንዳሉት ሰዎች ደሙን በማብዛት አይደለም ከፍታውን የለመደው። እንግዲህ ሐዋሳ የሚኖር ሰው 18.5 ሲገኝበት “ከፍታው ነው” ብሎ መዝጋት አይቻልም።

ከፍታ ባይሆንም ሌላ ምክንያት ሊኖር ስለሚችል እሱ ይፈተሻል። ተቅማጥና ትውከት ደምን ያደርቅና ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ ፈሳሽ ከተተካ በኋላ ይደገም። የቆየ የሳንባ በሽታ ያለበት ሰው የኦክስጅን መጠኑ ከ92 በመቶ በታች ከሆነ መቅኔው ቀይ ሴል የሚያበዛው ተገዶ ነው። ሲጋራና ሺሻ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅኑን ስለሚቀማው ደሙ ይበዛል፤ ይህን ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ አያሳይም፣ ጋዙን እንደ ኦክስጅን ቆጥሮ 98 ብሎ ያልፋል። እነዚህ ሁሉ ከሌሉ፣ በተለይም ሰውየው ከሻወር በኋላ ሰውነቱን የሚያሳክከው፣ ፊቱ የሚቀላ፣ ራሱን የሚያመው፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ እሳት እንደነካው የሚነድና በቀዝቃዛ ውኃ የሚበርድለት፣ ወይም ጣፊያው ያበጠ ከሆነ ጃክ 2 ይላክ።

ሌላ ወጥመድ አለ፤ ይህኛው ልምድ ያለውን ሰው ሳይቀር ያስታል። የብረት እጥረት በሽታውን ይሸፍነዋል። ሄሞግሎቢኑ 15.5 ሆኖ ደህና ይመስላል፤ የቀይ ሴሉ ብዛት ግን ከ6 ሚሊዮን በላይ፣ ኤምሲቪው 68 ነው። መቅኔው ማምረት አላቆመም፣ ብረት አልቆበት ትንንሽ ሴል እያወጣ ነው። ይህን አይቶ የብረት ኪኒን ማዘዝ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሄማቶክሪቱን ሰማይ ያደርሰዋል። ታላሴሚያ የተባለው የሚወረስ የሄሞግሎቢን በሽታም ተመሳሳይ ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል ሁለቱን መለየት የሐኪሙ ሥራ ነው።

ሕክምናው ደም ማውጣት ነው። የደም ባንክ ከረጢት የሚይዘው 450 ሚሊ ሊትር ስለሆነ አንድ ጊዜ የሚወጣው በዚያ ልክ ነው። ልቡ ገና ለታመመ ሰው ግን 250 ብቻ ይወጣና በዚያው መጠን ሳላይን (የጨው ውኃ) ይተካለታል፤ አለዚያ ግፊቱ ወርዶ የተጎዳው ልብ እንደገና ደም ያጥረዋል። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይደገማል። ግቡ ሄማቶክሪትን ከ45 በታች ማድረግ ነው። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው፣ 365 ሕመምተኞች የተሳተፉበት የጣሊያን ጥናት ከ45 በታች ከተያዙት መካከል በልብና ደም ሥር ሕመም የሞቱት ወይም ከባድ የደም መርጋት የገጠማቸው 2.7 በመቶ፣ ከ45 እስከ 50 ከተተዉት መካከል ግን 9.8 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። 48 የሆነ ሰው “ትንሽ ነው ያለፈው” የሚባል አይደለም። ሃርት አታክ የያዘው ሰው በዚህ ላይ በየቀኑ ዝቅተኛ አስፕሪንና የመቅኔን ምርት የሚቀንሰውን ሃይድሮክሲዩሪያ ይወስዳል። ሃይድሮክሲዩሪያ በ500 ሚሊ ግራም ካፕሱል ይመጣል፤ ሲጀመር ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 15 ሚሊ ግራም ያህል ይሰላል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራትም በየሁለት ሳምንቱ ሲቢሲ ይሠራል። እርጉዝ አትወስደውም። ቁርጭምጭሚት አካባቢ የማይድን ቁስል ካመጣ ለሐኪም መነገር አለበት፣ በቅባት አይታለፍም።

የፕላትሌት መብዛት ለብቻው ሲመጣ ኤሴንሻል ትሮምቦሳይቴሚያ ይባላል። መነሻው ከ450,000 በላይ ነው። እኛ አገር ግን ፕላትሌት የሚያበዙ ሌሎች ነገሮች ሞልተዋል፤ የብረት እጥረት፣ ቲቢ፣ ማንኛውም የቆየ ኢንፌክሽን። እነሱ ታክመው ከወር በኋላ ካልወረደ ጃክ 2 ይታያል፤ እሱ ካልተገኘ ካልር የተባለው ጂን ይከተላል። ፕላትሌት ከአንድ ሚሊዮን ሲያልፍ ነገሩ ይገለበጣል፦ ቮን ዊለብራንድ የተባለውን ደም የሚያስቆም ፕሮቲን ፕላትሌቶቹ ራሳቸው እየጠረጉ ስለሚያስወግዱት ሰውየው መድማት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ አስፕሪን ያለ ሐኪም አይነካም።

ከዚሁ ጋር የማይረሳ የላብራቶሪ ነገር አለ። ፕላትሌት እጅግ ሲበዛ ደሙ ቲዩብ ውስጥ ሲረጋ ፖታሲየም ከፕላትሌቶቹ ይወጣና ውጤቱ 6.5 ተብሎ ይመጣል። ሰውየው ውስጥ ያለው ግን 4.2 ሊሆን ይችላል። ልብ ለታመመ ሰው ይህን አምኖ ኢንሱሊን መስጠት እውነተኛውን ፖታሲየም አውርዶ የልብ ምቱን ያዛባል። ኢሲጂው ላይ የፖታሲየም ምልክት ከሌለ አረንጓዴ ክዳን ባለው የሄፓሪን ቲዩብ ይደገም፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

አሁን ወደ ተቃራኒው። ትሮፖኒን ከፍ ብሎ ፕላትሌት 15,000 ሲሆን ሁለቱ አብረው እንዴት መጡ ማለት የግድ ነው። መጀመሪያ ስሚር (መስታወት ላይ የተቀባ ደም በማይክሮስኮፕ) ይታይ፤ አንዳንድ ሰው ደሙ ሐምራዊው ቲዩብ ውስጥ ያለው ኬሚካል ሲነካው ፕላትሌቱ ይጣበቅና ማሽኑ ሳይቆጥረው ያልፋል። በሰማያዊው ቲዩብ ተቀድቶ ሲደገም፣ የተገኘው በ1.1 ተባዝቶ፣ ደህና ቁጥር ከሰጠ ነገሩ ያበቃል። በስሚሩ ላይ ግን እንደ ራስ ቁር የተቆረሱ ቀይ ሴሎች ከታዩ፣ ኤልዲኤች (ሴል ሲፈርስ የሚጨምር ኤንዛይም) ከፍ ካለ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሰውየውም ግራ መጋባት ከጀመረው ቲቲፒ የተባለው የደም በሽታ ነው ተብሎ ይያዛል። አዳምትስ 13 የተባለው ኤንዛይም ስለሚጠፋ ረጃጅም የቮን ዊለብራንድ ክሮች ሳይቆረጡ ይቀሩና ፕላትሌት እየያዙ የልብንና የአንጎልን ጥቃቅን ደም ሥሮች ይደፍናሉ። ካልታከመ ከአሥሩ ዘጠኙን ይገድላል፤ ከታከመ አብዛኛው ይድናል። ስለዚህ ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም። መድኃኒቱ ፕላዝማ መቀየር ነው፤ ማሽኑ ያለበት ቦታ እስኪደረስ ድረስ የቀዘቀዘ ፕላዝማ ይሰጣል፣ ስቴሮይድም ይጀመራል፣ ሳንባ ውኃ እንዳይቋጥርም ትንፋሹ ይጠበቃል። “ፕላትሌቱ አንሷልና ይጨመርለት” የሚለው ደግነት እዚህ ላይ ጉዳት ነው፤ ሕይወት የሚያሰጋ መድማት ከሌለ አይሰጥም። የረጋ ደም የሚያሟሟው ስትሬፕቶካይኔዝማ ጭራሽ አይታሰብ።

ወጣት ሴት ሃርት አታክ ሲይዛት የምጠረጥረው አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም ነው፤ ሰውነት ደም የሚያረጉ ፀረ እንግዳ አካላት የሚያመርትበት በሽታ ነው። ሲቢሲው ደህና ሊሆን ይችላል ወይም ፕላትሌቱ መቶ ሺህ አካባቢ ይሆናል። ፍንጩ ያለው በእርግዝና ታሪኳ ነው፦ ከ10 ሳምንት በኋላ ያለ ምክንያት የጠፋ አንድ ጽንስ፣ ወይም ከዚያ በፊት ተከታትለው የወረዱ ሦስት። ይህን ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ የለም፤ እሷም ከልቧ ጋር አታያይዘውምና አታነሳውም። አጠገቧ ያላችሁ እናት ወይም እህት ንገሩላት። ሁለተኛው ፍንጭ የእርግዝና ክትትል ካርድ ላይ ይገኛል። በቪዲአርኤል (የመጀመሪያው የቂጥኝ ምርመራ) ፖዘቲቭ ተብላ፣ የቂጥኝ ማረጋገጫው ምርመራ ግን ነጌቲቭ ከሆነ፣ ነገሩ ቂጥኝ ላይሆን ይችላል። የቪዲአርኤል ኬሚካል ውስጥ ካርዲዮሊፒን አለበት፤ የዚህ በሽታ ፀረ እንግዳ አካላትም እሱኑ ነው የሚይዙት። በዚህ ምክንያት ስንት ትዳር እንደሚታወክ ለሚያውቅ ሰው፣ ካርዱን በትክክል ማንበብ ትልቅ ነገር ነው።

ምርመራው ሦስት ነው፦ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት፣ አንቲካርዲዮሊፒን፣ አንቲ ቤታ 2 ግላይኮፕሮቲን። ፖዘቲቭ የሆነው ከ12 ሳምንት በኋላ መደገም አለበት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተይዞ ዕድሜ ልክ መድኃኒት አይታዘዝም። ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መርፌ) ከተጀመረ በኋላ የተቀዳ ደም ሉፐስ አንቲኮአጉላንትን በውሸት ፖዘቲቭ ሊያደርግ ስለሚችል ከሄፓሪኑ በፊት ቲዩብ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ኤፒቲቲ (ደም ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ መለኪያ) ረዝሞ ቢገኝ “ደሟ ቶሎ አይረጋም” ተብሎ ሄፓሪን እንዳይከለከል፤ ቲዩቡ ውስጥ የሚዘገየው ደም ሰውነቷ ውስጥ ይረጋል።

ሕክምናው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን የተባለው ኪኒን ነው። በቅርብ ዓመታት ለተመሳሳይ ሥራ የሚሰጠው ሪቫሮክሳባን የደም ክትትል ስለማይፈልግ ይመረጣል፤ ለዚህ በሽታ ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የጣሊያን ጥናት ሦስቱም ምርመራ ፖዘቲቭ የሆነባቸውን 120 ሰዎች ሲያነጻጽር፣ ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት አራቱ ስትሮክ፣ ሦስቱ ሃርት አታክ ይዟቸዋል፤ ዋርፋሪን ከወሰዱት አንድም አልነበረም። ዋርፋሪን ሲጀመር ሄፓሪን ቢያንስ 5 ቀን አብሮ ይሄዳል፣ አይኤንአር (ዋርፋሪን መርጋትን ምን ያህል እንዳዘገየ የሚያሳየው ቁጥር) 2 ደርሶ አንድ ቀን እስኪቆይ ድረስም አይቆምም። ከዚያ በኋላ ከ2 እስከ 3 ይያዛል።

ዋርፋሪን እኛ ቤት ውስጥ የሚበላሸው በጎመን ነው። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስለሞላበት መድኃኒቱን ያደክመዋል። ይህ ማለት ጎመን ይከልከል ማለት አይደለም፤ ቆጮና ጎመን ለሚበላ ቤት የሚነገር ምክርም አይደለም። በሳምንት ሁለት ጊዜ የምትበላ ከሆነ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ትብላ፣ መጠኑም አይለዋወጥ፤ መድኃኒቱ በዚያ ልክ ይስተካከላል። አደጋው የሚመጣው ሁዳዴ ሲገባ ነው፣ ጎመኑ በድንገት ይበዛና አይኤንአሩ 1.4 ይሆናል፤ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ተቃራኒው። ጾም በገባ በሳምንቱና በተፈታ በሳምንቱ አይኤንአር ማሠራት ይበቃል። ከመድኃኒት ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል አይኤንአርን ሽቅብ ይሰዱታል፣ ሪፋምፒሲን ቁልቁል። ከፋርማሲ ለሆድ ተብሎ ሜትሮኒዳዞል ሲገዛ “ዋርፋሪን እወስዳለሁ” ማለት አይረሳ። ልታረግዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ትንገር፤ ዋርፋሪን ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ጽንሱን ስለሚጎዳ በኢኖክሳፓሪን (የሄፓሪን ዓይነት) መርፌና በዝቅተኛ አስፕሪን ይቀየራል።

ኢኦሲኖፊል ከ1,500 በላይ ሆኖ ከቆየ የልብን ጡንቻና ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳል፣ ደምም ያረጋል። ሐዋሳ ላይ ግን ቀድሞ የሚታሰበው ጥገኛ ትል ነው፤ ሐይቁ ውስጥ የሚገቡ ዓሣ አጥማጆችና ልጆች ብልሃርዝያ ይይዛቸዋል። ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት አይቨርሜክቲን መስጠት ተገቢ ነው፤ ስትሮንጊሎይድስ የተባለው ትል ስቴሮይድ ሲያገኝ መላ ሰውነት ይወርራል።

አንዱ ምክንያት ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ የሚፈጠር ነው። ሄፓሪን ከተጀመረ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ፕላትሌት በግማሽ ከወረደ፣ ለምሳሌ ከ260,000 ወደ 120,000፣ ሄፓሪኑ ራሱ ደም እያረጋ ሊሆን ይችላል። 120,000 ለብቻው ሲታይ አያስደነግጥም፤ ለዚህ ነው የመጀመሪያው ቀን ቁጥር አልጋው ራስጌ መጻፍ ያለበት። ሄፓሪን፣ የካኑላ ማጠቢያው ጭምር፣ ይቆማል፤ በኢኖክሳፓሪን አይተካም፣ ዋርፋሪንም ፕላትሌቱ 150,000 እስኪደርስ አይጀመርም።

ናሙና ወደ አዲስ አበባ ሲላክ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ለጃክ 2 ሐምራዊው ቲዩብ እንዳለ፣ ወደ በረዶ ሳይለወጥ፣ በ4 ዲግሪ ይላካል፤ ጥቂት ቀን ቢቆይ አይጎዳም። ለሉፐስ አንቲኮአጉላንት ግን ሙሉ ደም ሙቀት ውስጥ ሰዓታት ከተጓዘ ውጤቱ ዋጋ የለውም። ሰማያዊው ቲዩብ ሁለት ጊዜ ሴንትሪፊዩጅ ተደርጎ፣ ፕላትሌት የሌለበት ፕላዝማ በ4 ሰዓት ውስጥ ተለይቶ፣ በረዶ ሆኖ ይሂድ። ሄማቶክሪቱ ከ55 በላይ ለሆነ ሰው ሰማያዊው ቲዩብ ራሱ መስተካከል አለበት፦ 2.7 ሚሊ ሊትር ደም የሚቀበለው ቲዩብ 0.3 ሚሊ ሊትር ሲትሬት (ደሙ ቲዩብ ውስጥ እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) አለው፤ ሄማቶክሪት 60 ሲሆን ፕላዝማው ስለሚያንስ ሲትሬቱ ወደ 0.2 ይቀነስ። ካልተቀነሰ ፒቲም ኤፒቲቲም በውሸት ይረዝማሉ፣ ደሙ የወፈረ ሰውም “የደም አለመርጋት ችግር አለበት” ተብሎ አስፕሪኑ ይቆምበታል።

ቤተሰብ የሚጠይቀው ቀጣዩ ነገር እኛም እንመርመር ወይ የሚል ነው። የጃክ 2 ለውጥ በሕይወት ዘመን መቅኔ ውስጥ የሚፈጠር እንጂ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም፤ ለወንድምና ለእህት ውዱን የጂን ምርመራ ማሠራት አያስፈልግም፣ የሚያሳስብ ምልክት ካለ አንድ ሲቢሲ ይበቃል። ፋክተር ፋይቭ ላይደን የሚባለውን፣ ደም የሚያረጋ የሚወረስ የጂን ለውጥም ብዙ ሰው ከኢንተርኔት አንብቦ ይጠይቃል። እሱ የእግርና የሳንባ ደም ሥርን እንጂ የልብን አይዘጋም ለማለት ይቀርባል፣ በአፍሪካውያን ላይም እጅግ ብርቅ ነው፤ ገንዘቡ ለአይኤንአር ይቀመጥ። አንቲፎስፎሊፒድ ወይም የመቅኔ በሽታ ያለባት ሴት ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ኪኒን አትውሰድ። የመዳብ ሉፕ ደም ስለማያረጋ ለአንቲፎስፎሊፒድ የሚመረጠው እሱ ነው፤ ዋርፋሪን የምትወስድ ከሆነ የወር አበባዋ ሊበዛ ስለሚችል ከስድስት ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢኗ ይታይ።